ቀይ ጥፍር ቀለም የተቀባው ጥይት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ማህሌት አያቷን ከሳሎኑ መስኮት ሥር አስቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባት፣ ሽታው እኔ ጋዜጣ ወደማነብበት ጥግ መጣ። ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ የጥፍር ቀለም ሽታ። ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት ጸጉር ቤት ይታየው ይሆናል። ለእኔ የሚታየኝ የካራ ድንጋይ ካባ፣ አንድ ያረጀ ሽጉጥና የአማቴ ፊት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

«አባባ፣ ምን አሳቀህ?» አለች ማህሌት ብሩሹን እንደያዘች።

«አያትሽን የዳረልኝ እኮ ይሄ ቀለም ነው።»

ባለቤቴ ጽጌ እጇን ከጠረጴዛው ሳታነሳ፣ «ጀመረ እንግዲህ! ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ይሄ ሰውዬ የሽጉጡን ወሬ ከጀመረ ምሳ ያልፈናል» አለች።

ምሳው አለፈን። ለእናንተም ላውራው።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ መገናኛ አጠገብ አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ ብረት ስልግ፣ ስቀርጽ የምውል ጎረምሳ ነበርኩ። የዛሬውን መገናኛ አታስቡ፤ ባቡርም ፎቅም የለም። አቧራ፣ በቆሎ ጠባሾችና ረዳቶች እየተንጠለጠሉ የሚጣሩባቸው ታክሲዎች ናቸው የነበሩት። ከቶርኖ ቤታችን ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበረች፤ ጽጌ እዚያ ትሠራ ነበር። እኔ የላግሁትን የብረት ብናኝ ልጠርግ ስወጣ እሷ የተቆረጠ ጸጉር ልትጠርግ ትወጣለች። እንዲህ መጥረጊያ ለመጥረጊያ ተያይተን ተዋደድን። ከዚያ በኋላ ደጃፋችን እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም፤ ጌታዬ እንኳ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይል ነበር።

ነገሩ ሲጠና አጎቴን ጋሽ ወርቁን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ካራ ላክሁ። የጽጌ አባት ሃምሳ አለቃ ድንቁ ይባላሉ። በጦሩ ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ገብስና ባቄላ የሚዘሩ፣ ጺማቸውን በየማለዳው የሚላጩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የጋሽ ወርቁ ፊት ደም መስሏል።

«ምነው፣ አልሰጥም አሉ?» አልኩ።

«ሰጥተዋል።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ሽጉጥ!» አሉ አጎቴ ባርኔጣቸውን አልጋው ላይ ወርውረው። «ሰውየው ልጅ ሊድር ነው ወይስ ጦር ሊያዘምት? አልገባኝም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ አለቃ ሲያገቡ አባታቸው ሙሽራዋ ደጅ ስትደርስ በስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸው ተኩሰዋል። አዛውንቱ ሊሞቱ ሲሉ ያንን ሽጉጥ ለልጃቸው ሰጡ፤ ልጃቸውም «የበኩር ልጄ ከደጄ ስትወጣ በዚህ እተኩሳለሁ» ብለው በአባታቸው ፊት ማሉ። የበኩር ልጅ ማለት ጽጌ ናት። ሽጉጡ ፈቃድ አለው፣ ዘይት የጠጣ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነው። የሌለው ጥይት ነው። ዓይነቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። ባዶ ቀለሃዎቹ በቆርቆሮ ተቀምጠዋል፤ ባሩዱንና መለኮሻውን ሃምሳ አለቃ በሙያቸው ያውቁበታል። የጠፋው አረሩ፣ ከፊት የሚሄደው እርሳሱ ነው። እሱ ካልተገኘ መሐላ አይፈርስምና ሠርጉ ይቆያል። እስከ መቼ? እስኪገኝ!

«ከሰው ተውሰው ይተኩሱ አላልኳቸውም መሰለህ?» አሉ ጋሽ ወርቁ። «‹በሰው መሣሪያ ተተኩሶላት የተዳረች ልጅ፣ በሰው ሱፍ የሚያገባ ባል ይደርሳታል› አሉኝ።»

የሠርግ ሱፌን ከጓደኛዬ ልዋስ ተስማምቼ ስለነበር በዚህ ላይ ምንም አልተናገርኩም። ግን አፌ አርፎ አይቀመጥም። «አረር ማለት እኮ ድቡልቡል እርሳስ ነው፤ እኔ ቶርኖ ላይ እሠራዋለሁ» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ «ይምጣ» አሉ። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። እንደምታውቁት በእኛ ወግ ሠርጉ ሳይደርስ እጮኛ የልጅቷን ቤት ደጃፍ አይረግጥም፤ ነውር ነው። ሃምሳ አለቃ ግን ለዚህም መላ አላጡም። «እሁድ እሁድ የሚመጣው ባለ ቶርኖው ነው» ብለው ለቤተሰቡ አወጁ። «ልጄን የጠየቃት ልጅ አይደለም። እሱን ልጅ አላውቀውም፣ አይቼውም አላውቅ።»

የመጀመሪያው እሁድ ጥቅምት ውስጥ ነበር። በውይይት ታክሲ ከመገናኛ ኮተቤ፣ ከኮተቤ ካራ ሄድኩ። በውይይት ለሄደ ሰው መንገር አይጠበቅብኝም፤ ለማያውቅ ግን፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ የሚሄድባት መኪና ናት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ እሸት ባቄላ በዘንቢል ይዘው፣ «ብላ ልጄ፣ ፊትህ ገርጥቷል» ብለው እፍኝ ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ ገርጥቷል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይገርፋል፤ እኔ ግን አልቦኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃ በር ላይ ተቀበሉኝ። «በላይነሽ! ባለ ቶርኖው መጥቷል» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ብቅ አሉ። ጸጉር ቤት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ስንት ጊዜ ዘንቢላቸውን ተሸክሜላቸዋለሁ! ዓይኔን ትክ ብለው አይተው፣ «እንኳን ደህና መጣህ። ከዚህ በፊት አላየንህም። የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። እኔም ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ሥራዬን እንደ አዲስ ተናገርኩ። ድፎ ዳቦና አይብ ቀረበልኝ። ጽጌ ጓዳ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፤ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል።

ዳቦውን እንደጎረስኩ ሃምሳ አለቃ ጀመሩ። «ባለ ቶርኖው፣ አንድ ነገር ላማክርህ። ልጄን አንድ ልጅ ጠይቋታል። እንዳንተው ቶርኖ ሠራተኛ ነው አሉ። ታውቀው እንደሆነ፣ ጠባዩ እንዴት ነው?»

ዳቦውን ሳላላምጥ ዋጥኩ። «ጋሼ፣ ጨዋ ልጅ ነው» አልኩ።

«ይጠጣል?»

«ኧረ ምንም! ማለቴ... ለዓመት በዓል።»

«ዓመት በዓሉ በየሳምንቱ ነው አሉ።»

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እትዬ በላይነሽ ኮስተር ብለው፣ «ይቺ ድመት ደግሞ ዛሬ ምን ሆናለች?» አሉ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። የቀለሃው ቂጥ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበብኩ፤ መለኪያዬን አወጣሁ። ጎማ ላይ ለሚዛን የሚለጠፈውን እርሳስ ከጋራዦች ለቅሜ፣ አቅልጬና አፍስሼ ልክ በቁጥሩ መጠን እንደምሠራው አስረዳሁ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ነገር ይቀራል። እርሳስ እርቃኑን አይላክም። አፈሙዙ ውስጥ ይላላጥና ይለጠፋል። ልብስ ያስፈልገዋል» አሉ። ምን እናልብሰው? ስንከራከር እትዬ በላይነሽ ከጓዳ ወጥተው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቀይ ጥፍር ቀለም። «ድመቷ የላከችው ነው» አሉ።

በሳምንቱ አረሮቹን ይዤ ሄድኩ። አንድ እጅ ቀይ ቀባናቸው፣ ደረቁ፣ ሃምሳ አለቃ የራሳቸውን ሥራ ሠርተው ጥይት አደረጓቸው። እንዴት ያምራሉ! ሙሽራ ይመስላሉ። ወደ ካባው ወርደን፣ ድንጋዩ ተፈልጦ ገደል የሆነበት ጋ ቢጫ ጀሪካን አቆምን። ሃምሳ አለቃ ደረታቸውን ነፉ፣ አነጣጠሩ፣ ምላጩን ሳቡ።

ሽጉጡ አሳለው። ሌላ ቃል የለኝም፤ እንደ ሽማግሌ «እሁ» አለ፣ ጢስ በየጎኑ ወጣ። ሄደን ብናይ ጀሪካኑ አልተበሳም። ሆዱ ላይ አንዲት ቀይ ምልክት ብቻ አለች፣ ከንፈሯን የተቀባች ሴት የሳመችው ይመስላል። አረሩ ሥሩ ተጋድሟል።

ይሄን ጊዜ ሁለት የቀበሌ ሚሊሻዎች እየሮጡ ደረሱ። ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ፈቃዳቸውን አሳዩ።

«ለምንድን ነው የሚተኩሱት፣ አባቴ?» አለ አንደኛው።

«ለልጄ ሠርግ።»

ሚሊሻው ጀሪካኑን አየ፣ ቀዩን ምልክት አየ፣ አረሩን አንስቶ በመዳፉ አገላበጠው። «በዚህ እንኳ ሰው አይሞትም። ሠርጉ ላይ ከረሜላ ጎድሎባችሁ እንደሆነ ለልጆቹ በትኑት» አለና እየሳቁ ሄዱ።

ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ፣ ባለ ቶርኖውን ሳይሆን እኔን ራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። «ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ካልሆነ ለሚመጣው ዓመት ነው» አሉ። «መሐላ ነው፣ ልጄ።»

ለሚመጣው ዓመት! ያን ቀን በእግሬ እስከ ኮተቤ ሄድኩ፤ ታክሲ ቆሞ ቢለምነኝም አልገባሁ። የጽጌ አክስት ባሕር ማዶ ሥራ አግኝታላት ነበር፤ ካላገባች በክረምቱ እንድትሄድ ቤተሰቡ ተነጋግሯል። አንድ ዓመት ማለት ጽጌን ማጣት ነው። ከእኔና ከእሷ መካከል የቆመው ደግሞ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ እርሳስ!

ብረት ስልግ ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩ። ረቡዕ ዕለት አንድ ደንበኛ ያረጀ የመኪና ማሽን ይዞ መጣና፣ «በመጽሐፉ ልክ ፒስተን ገዝቼ ላላብኝ» አለኝ። «ወንድሜ፣ መጽሐፉ የሚናገረው አዲስ ሳለ ስለነበረው ነው፤ ያንተ ተበልቶ ሰፍቷል፤ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ለካ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። ጮኼ ሳልጨርስ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔስ ምን አደረግሁ? ቁጥሩን አመንኩ እንጂ አፈሙዙን ጠየቅሁት? ሃምሳ አለቃ እኮ ያንን ሽጉጥ በየእሁዱ ሲወለውሉ ነው የኖሩት! ከመወልወል ብዛት ውስጡ ሰፍቷል። አረሬ ቀጠነ፣ ባሩዱ በጎን አምልጦ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ ለስላሳ እርሳስ በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ በእንጨት እየገፋሁ አሳለፍኩ። በወዲያ በኩል ሲወጣ የሽጉጡን የውስጥ ልክ ይዞ ወጣ። ለካሁት። እንደጠረጠርኩት ከቁጥሩ ሰፋ ይላል። አዲሶቹን አረሮች ከዚያ ልክ በጣም ጥቂት ብቻ ወፈር አድርጌ፣ የአንድ እጅ ቀለም ውፍረቱን ሳይቀር አስቤ ሠራሁ። በሳምንቱ ይዣቸው ሄድኩ፣ አንድ እጅ ቀባኋቸው፣ እንዲደርቁ መስኮቱ ላይ ደርድሬ ተመለስኩ። ኮርቻለሁ፤ ከኩራቴ ብዛት በውይይቱ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሒሳብ ከፈልኩለት።

እሁድ ስመለስ አንዱም ሽጉጡ ጥይት የሚጎርስበት ቀዳዳ ውስጥ አልገባም። አንዱም! ሃምሳ አለቃ ቢገፉ፣ እኔ ብገፋ፣ እምቢ። መለኪያዬን አወጣሁ፤ አረሮቹ ወፍረዋል። እርሳስ ያድጋል እንዴ? ወይ ጉድ! ተራ በተራ አየኋቸው።

«ማነው የነካቸው?» አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ... አንድ እጅ ብቻ ደግሜያቸዋለሁ። የሳሳ መሰለኝ። አንድ እጅ ቀለም ለበርም አይበቃ» አሉ።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔም ማክሰኞ ዕለት... ነጠብጣብ አየሁና...»

ሁላችንም ወደ መጋረጃው ዞርን። ከጓዳ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ ሁለቴ ነው።»

«ድመት መናገር ጀመረች?» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ይህን ጊዜ ግን ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። እያንዳንዱ ሰው ተደብቆ፣ ሠርጉ እንዲሰምር ብሎ ያከላት አንዲት እጅ ተደምራ ሠርጉን ልታስቀረው!

መፋቅ ሞከርን፤ አንዱ ወገን ሳስቶ ሌላው ወፈረ። በመጨረሻ ያለኝ ሙያ እሱ ስለሆነ ወደ ቶርኖዬ ተመለስኩ። ከጠንካራ ብረት አንድ ቀለበት ቀረጽኩ፤ ቀዳዳው ለዚያ ሽጉጥ የሚስማማው ልክ ነው። አዲስ የተቀባ አረር ሁሉ በዚያ ቀለበት ተገፍቶ ይለፍ፤ ያለፈው ይሆናል፣ ማን ስንት እጅ እንደቀባው አያሳስብም። ሃምሳ አለቃ ቀለበቱን በጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሡት። «ባለ ቶርኖው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለዚያ ለማላውቀው ልጅ፣ ቀኑን ይቁረጥ በለው።»

ካባው ውስጥ ስንሞክረው ጀሪካኑ በአፍጢሙ ተደፋ። ሚሊሻዎቹ ዳግመኛ መጡ፤ አሁን አልሳቁም።

ጥር ደረሰ። ጽጌ ነጭ ለብሳ ከደጃፉ ወጣች። በዚያ ቀን እኔ የተዋስኩትን ሱፍ እጅጌ ወደ ታች እየጎተትኩ ነበር። ዘፈኑ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን ወደ ካባው ገደል አቅጣጫ ዘረጉ። ሁሉም ጆሮውን ያዘ። ሳቡ ስንል አይስቡም። ሽጉጡን ዝቅ አደረጉት። «ባለ ቶርኖው፣ መለኪያህን ይዘሃል? አንድ ጊዜ እንደገና ይለካ» አሉ።

«በሠርጌ ቀን፣ ጋሼ?»

«ይለካ! ቢወፍርስ?»

እትዬ በላይነሽ ከሰው መሐል ወጥተው ባላቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። «አንተ ሰው፣ ጥይቱስ ልኩ ነው» አሉ። «መሐላህን ፈጽምና ልጂቱን ልቀቃት። ካራና መገናኛ ነው፤ ዘንቢል ይዘን እንሄዳለን።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሃምሳ አለቃ ቶሎ የሚገኝ ጥይት ፈልገው አያውቁም። ተኩሱ ሲሰማ ልጃቸው ትሄዳለች። እኔ ልኩን ለማግኘት ስለፋ እሳቸው ደግሞ ላለማግኘት በብሩሽ ሲለፉ ኖረዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። ገደሉ ድምፁን ሦስት ጊዜ መለሰው፤ ውሾች ጮኹ፤ እልልታው ቀለጠ። ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን ለሚስታቸው ሰጥተው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጽጌ ወደ ኋላ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ዋጋ አለው መደበቅ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ መልካም ነበር። እኛ ቤት ዳስ ስንደርስ ቀለበት ማድረግ መጣ። የወርቅ ቀለበቱን ገፋሁት፣ ጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ቆመ። ብገፋ አይገባም። ሰው ሁሉ ያያል። ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለአባዬ ሽጉጥ ያን ሁሉ ለክተህ የእኔን ጣት በዓይንህ ነው የገዛኸው?» አለችኝ። በሳሙና ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ነበር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጽጌ ባለፈው ክረምት ክፉኛ ታማ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈችልኝ፤ ግን ከሳች። ቅዳሜ ዕለት ወሬዬን ስጨርስ ማህሌት ቀለሙን ልትከድን ስትል፣ አያቷ እጇን ለማድረቅ ወዝወዝ አደረገች። ቀለበቱ ከጣቷ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እየተንከባለለ ሶፋው ሥር ገባ። በሳሙና የገባው ቀለበት! ማህሌት ሳቀች። እኛ ሁለታችን አልሳቅንም። ጽጌ ባዶ ጣቷን በሌላው እጇ ሸፈነችው።

ተንበርክኬ ከሶፋው ሥር አወጣሁት። ጉልበቴ ምን እንዳለ አልነግራችሁም። መነጽሬን አደረግሁ፣ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ያንን አሮጌ መለኪያዬን አወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ጽጌ።

«እጅሽን ስጪኝ። አሁን ጣቱን ነው መጀመሪያ የምለካው።»

ለካሁት። ከዚያ ቀዩን ጠርሙስ ከማህሌት ተቀብዬ፣ የቀለበቱን የውስጥ ወገን አንድ እጅ ቀባሁት። እስኪደርቅ ጠብቄ አስገባሁት፤ ላላ አለ። ሁለተኛ እጅ ደገምኩ። ማህሌት «እኔም ልቀባ!» አለች፤ ሦስተኛውን እሷ ቀባች። ጽጌ ብሩሹን ከልጅቷ ተቀብላ፣ እንደ ድሮዋ ቀስ ብላ፣ የመጨረሻውን ራሷ ጨመረች።

ልክ ሆነ።